የሕፃኑ ጋሪ ምን በደለ?

መጽሐፍ መጻፍና ልጅ ማሳደግ በአንድ ጣሪያ ሥር አይስማሙም የሚለው እምነት በሥነ ጽሑፍ ዓለም ሥር ከሰደደ ቆይቷል። ምስል ያበጀለት እንግሊዛዊው ሃያሲ ሲሪል ኮኖሊ ነው። ኮኖሊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ብዙ የተጠበቀባቸው ጸሐፊዎች ለምን ፍሬ ሳያፈሩ እንደሚቀሩ ሲመረምር፣ ቤት መግቢያው ላይ የቆመውን የሕፃን ጋሪ ከመልካም ጥበብ ጠላቶች አንዱ አድርጎ ቈጠረው። ከዚያ ወዲህ ጋሪው ማስረጃ የማይጠየቅበት ምሳሌ ሆነ። ልጅ ካለ ጽሑፍ የለም፤ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ልጁ ተበድሏል ይባላል። ጥፋቱ የተጫነው ራሱን መከላከል በማይችለው ወገን ላይ ነው። የጸሐፊዎች የሕይወት ታሪክ ሲመረመር ግን በደለኛ ሆኖ የሚገኘው ጋሪውን አንድ ሰው ብቻ እንዲገፋው የፈረደው የቤት ውስጥ ልማድ ነው።

የኮኖሊ ምስክርነት ከመነሻው ደካማ ነው። መጽሐፉ ሲታተም ልጅ አልነበረውም፤ ጋሪውን የከሰሰው ገፍቶት ሳያውቅ ነው። በዚያ ላይ በጠላትነት የዘረዘራቸው ብዙ ነበሩ፤ ጋዜጠኝነት፣ ፖለቲካ፣ መጠጥ፣ ወሬ፣ ስኬት ሳይቀር። ጋዜጠኝነት ደራሲን ይገድላል የሚለውን ክስ ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ነው። የመጠጡ ክስማ ተገልብጦ መጠጥ ቤት የደራሲ መናኸሪያ ተብሎ ሲወደስ ይሰማል። ከዝርዝሩ ሁሉ ተለይቶ በሰው አፍ የቀረው ጋሪው ነው። ወሬንና መጠጥን መተው የጸሐፊው የራሱ ፈንታ ነው፤ ጋሪውን መክሰስ ግን ጥፋቱን ከራስ ላይ ያወርዳል።

በ1929 የታተመው የቨርጂኒያ ዉልፍ ድርሰትም ለዚሁ እምነት ድጋፍ ተደርጎ ሲጠቀስ ይገኛል። ዉልፍ ለምትጽፍ ሴት የጠየቀችው በዓመት 500 ፓውንድ ገቢና ቁልፍ ያለው ክፍል ነበር። የክርክሯ ማዕከል ገንዘብና ቦታ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ሰው ሠርቶ ለሰው የሚነፍጋቸው ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ልጅን ተከሳሽ ማድረግ ጥያቄዋን ማጣመም ይሆናል።

ለጋሪው የምትመሰክር ደራሲ ከተፈለገ አሜሪካዊቷ ሸርሊ ጃክሰን አለች። በ1948 በኒውዮርከር መጽሔት ወጥቶ ብዙ ያነጋገረው «ሎተሪው» የተባለው አጭር ልብ ወለዷ እንዴት እንደተጻፈ ስትናገር፣ ሐሳቡ የመጣላት ልጇንና የዕለቱን አስቤዛ በጋሪ ይዛ ዳገት ስትወጣ እንደነበረ ገልጻለች። ቤት ገብታ ሕፃኗን መጫወቻዋ፣ አትክልቱን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጣ ወዲያው ጻፈችው። የአራት ልጆች እናት የሆነችው ጃክሰን የቤቷን ትርምስ ራሱን ሳይቀር በ1953 መጽሐፍ አድርጋ አሳትማዋለች።

ቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1970 ሲወጣ ከባሏ ተለይታ ሁለት ወንዶች ልጆች የምታሳድግ፣ ቀን ቀን በራንደም ሃውስ አሳታሚ ድርጅት በአርታኢነት የምትሠራ ሴት ነበረች። የምትጽፈው ጎሕ ሳይቀድ ነው። አንድ ጊዜ ልጇ የምትጽፍበት ወረቀት ላይ ቢያስመልስባት፣ ዐረፍተ ነገሩ እንዳያመልጣት በርጥቡ ዙሪያ እየጻፈች መቀጠሏን ተናግራለች። በ1993 የኖቤል ሽልማት አገኘች። የሦስት ልጆች እናት የነበረችው ኧርሱላ ለ ጊንም በፖርትላንድ ከተማ ቤቷ ልጆቿ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ትጽፍ ነበር፤ በጣም የታወቀው ልብ ወለዷ በ1969 ሲታተም የመጨረሻ ልጇ ገና አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች ታሪክ ልጅ መውለድ ደራሲ ያደርጋል የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ልጅ ካለ ጽሑፍ የለም የሚለው ፍርድ ግን ሕግ ሊሆን እንደማይችል በቂ ማስረጃ ናቸው።

እምነቱ ፈጽሞ የሚፈርሰው የልጆች የእጅ ሥራ ላይ ሲደረስ ነው። ወረቀት መቁረጥ፣ ማጣበቅ፣ ቀለም መቀባት፣ ጭቃ ማድቦልቦል በጸሐፊ ቤት የጊዜ ሌባ ተደርጎ ይታያል፤ ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1881 ከቤተሰቡ ጋር ብሬማር በምትባል መንደር ሲያርፍ ዝናብ ቤት አስዋላቸው። የ13 ዓመቱ የእንጀራ ልጁ ሎይድ በውኃ ቀለም ሥዕል ሲሥል ይውል ነበር። ስቲቨንሰንም አብሮት ተቀምጦ የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ፤ ቀለም ቀባው፤ ለወደቦቹና ለኮረብቶቹ ስም አወጣ። የምዕራፎቹን ዝርዝር የነደፈው ያንን ካርታ ፊቱ ዘርግቶ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ እየጻፈ ለቤተሰቡ ያነብ ጀመር፤ አባቱም ከአድማጭነት አልፎ በአንድ የባሕር ሰው ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን ዕቃዎች ዘርዝሮ ሰጠው። በ1883 በመጽሐፍ መልክ የወጣው «ትሬዠር አይላንድ» እንዲህ ተገኘ። ካርታው ወደ አሳታሚው ሲላክ ጠፍቶ ስቲቨንሰን ከጽሑፉ እያነበበ እንደገና ቢሥለውም፣ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልሆነለትም። ለልጅ ጨዋታ የተሣለችው ወረቀት የመጽሐፉ መሠረት ነበረች።

ኋላ ደራሲ የሆኑት የብሮንቴ ልጆች ታሪክ ይህንኑ ከልጆቹ ወገን ያሳያል። በ1826 አባታቸው ከሊድስ ከተማ ለወንዱ ልጁ የእንጨት ወታደሮች ይዞለት መጣ። አራቱ ልጆች ለወታደሮቹ ስም አወጡ፤ አገር ፈጠሩላቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በቁመታቸው ልክ መጽሐፍ ይሠሩላቸው ጀመር። ከስኳር መጠቅለያና ከመሰል ቁርጥራጭ ወረቀት ተቆርጠው፣ በመርፌና በክር ተሰፍተው፣ ኅትመት በሚመስሉ ጥቃቅን ፊደላት የተሞሉት እነዚያ መጻሕፍት የክብሪት ቀፎ ያህሉ ነበር። በ1847 ሻርሎት «ጄን ኤር»ን፣ ኤምሊ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ሲያሳትሙ የሃያ ዓመት ያህል ልምድ ነበራቸው። ድርሰትን የተማሩት በመቀስና በመርፌ ጀምረው ነው።

ደራሲው ቶልኪን ደግሞ ከ1920 እስከ 1943 በገና አባት ስም በየዓመቱ ለልጆቹ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በብርድ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈ የሚመስል ጽሕፈት፣ ባለቀለም ሥዕል፣ በቤት የተሠራ የሰሜን ዋልታ ቴምብር አለባቸው። «ዘ ሆቢት» የተጻፈውና በ1937 የታተመው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ቴምብር ሲሥል ያመሸ አባት ልብ ወለዱን አልተቀማም።

እዚህ ላይ መካድ የሌለበት ነገር አለ። ልጅ ጊዜ ይወስዳል፤ ያውም በቀጠሮ የማይያዝ ጊዜ። ደራሲዋ ቲሊ ኦልሰን ለእንጀራ እየሠራች አራት ሴቶች ልጆች አሳደገች፤ የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1961 ሲወጣ ዕድሜዋ ወደ 50 ተጠግቶ ነበር። በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ሳይጻፉ ስለቀሩ ሥራዎች ስትጽፍ ግን እናትነትን ለብቻው ተጠያቂ አላደረገችም። ድህነትን፣ የዘርና የፆታ መድልዎን፣ ቀኑን ሙሉ የሚበላ ቅጥርን አብራ ጠቅሳለች። ልጅን አስታኮ ብዕር የሚነጥቀው ይህ ሁሉ ነው።

የቶልስቶይ ቤት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ቶልስቶይ ከሚስቱ 13 ልጆች ወልዷል፤ «ጦርነትና ሰላም» የተጻፈው ሕፃናት በተከታተሉበት ቤት ነው። ሚስቱ ሶፊያ ትወልዳለች፤ ታሳድጋለች፤ ቤት ታስተዳድራለች፤ የባሏን ረቂቅም ደጋግማ በእጇ ትገለብጣለች። የቶልስቶይን ጋሪ ማንም ጠላት አላለውም፤ የሚገፋው እርሱ አልነበረምና። ይህ ልማድ ለሩሲያ መኳንንት ብቻ አይደለም። «አባባ እየጻፉ ነው» ተብሎ ልጅ ሁሉ ድምፁን በሚያጠፋበት የኢትዮጵያ ቤት፣ እናት ብዕር ስታነሣ በሩን የሚዘጋላት አይኖርም። ለ ጊን በ1988 ባሳተመችው ጽሑፍ ሁለት ሙሉ ሥራ ለአንድ ሰው ከአቅም በላይ ቢሆንም፣ ከልብ የሚጋገዙ ሁለት ሰዎች ግን ለሦስት ይበቃሉ ባይ ነበረች። በእርሷ ቤት ከጽሑፉና ከልጆቹ ሌላ ሦስተኛው ሥራ የባሏ የታሪክ መምህርነት ነበር።

ከጋሪው ክስ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ጥፋትም አለ። ይኸኛው ወላጅን የሚመዝነው ልጁ በሠራው ነገር ማማር ነው። ተቆርጦ የታሸገ ወረቀት ተገዝቶ ይመጣል፤ ልጁ ሥዕሉ እንዳሳየው ይገጣጥማል፤ ወላጁ አጠገቡ ተቀምጦ ያርማል፤ ከዚያም ፎቶ ይነሣል። ከትምህርት ቤት የተሰጠው የእጅ ሥራም እናት ሠርታው ውጤቱን ልጁ ይቀበላል። ይህ አሠራር አዋቂውን ሰዓቱን፣ ልጁን ሥራውን ይቀማል።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላል ተረቱ። ለሊጥ እውነት ነው፤ ጭቃ የሚያቦካ ልጅ ግን ለራት አላቦካም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮብል በ1837 ባቋቋመው የሕፃናት መዋያ ወረቀት ማጠፍን፣ መሸመንን፣ ሸክላ ማበጀትን ያስገባው ልጁ በራሱ እጅ እየሠራ እንዲማር ነበር። የኢትዮጵያ ልጆች የጭቃ ከብት፣ የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ አሻንጉሊት የሚሠሩት አዋቂ ሳያርማቸው ነው። ለእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ፀሐይና አበባ ሥለው ቤት ለቤት ሲያድሉ፣ የሥዕሉ ዋጋ መስመሩ በመጣመሙ አይቀነስም። እንዲህ ያለው የእጅ ሥራ ወላጅን የሚፈልገው ለአጠገብነት እንጂ ለአሠሪነት አይደለም። አጠገብ ያለ ሰው ደግሞ መጻፍ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው የቤት ሥርዓት ቀላል ነው። ጸሐፊውና ልጁ አንድ ጠረጴዛ ሲጋሩ ልጁ ካስጀመሩት በኋላ ለራሱ ይተዋል፤ ምዕራፍ መንደፍ፣ እርማት፣ ማስታወሻ መያዝ የመሰለው ሥራ በዚያ ሰዓት ይከናወናል። ጸጥታ የሚሻው ረቂቅ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው የተቆረጠ ሰዓት ይመደብለታል፤ ጎሕ ሳይቀድ ወይም ማታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ለልጁ የሚነሣው ሌላው አዋቂ ነው። ሌላ አዋቂ በሌለበት ቤት ያ ሰዓት በዘመድ፣ በጎረቤት ወይም በሕፃናት መዋያ ካልተሸፈነ ከእንቅልፍ ይቆረሳል። የሞሪሰን ማለዳ ጽናት የሚደነቅበት ቢሆንም ከሌሎች ጸሐፊ እናቶች ሁሉ የሚጠየቅ መስፈርት መሆን የለበትም። ጋሪው ከቤቱ መግቢያ የሚነሣው ተራው የደረሰው ሰው ሲገፋው ነው።