ማይኩን ማን ይዝጋው?



በመካነ ሰላም፣ በአጅባር ወይም በከላላ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ የድምፅ ዕቃ የሚያስገዙ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። ለሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራዩ ግን ይለፉት፤ ለዘፋኝ አውቶማቲክ ሚክሰር አያስፈልግም።

ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ስምንት ማይኮች ሁሉም ከተከፈቱ አዳራሹ ያፏጫል። የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር፣ ሳያፏጭ ድምፁን ከፍ ማድረግ የሚቻልበት ልክ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከአንድ ወደ ስምንት ስንደርስ 9 ዴሲቤል አጥተናል። አሜሪካዊው ዳን ዱጋን እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት አውቶማቲክ ሚክሰር መፍትሔ አመጣ፦ የተናጋሪው ማይክ ከፍ ሲል የሌሎቹ ዝቅ ይላል፣ ድምሩ ግን አይለወጥም። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳ ማይኮቹ ጫጫታውን ይካፈሉታል እንጂ አያባዙትም።

ነጋዴው ግን የሚያሳይዎት ሚክሰሩ የሚታዘዝበትን ታብሌት ነው። «ከየትም ሆነው ያዙታል» ይላል፤ አልዋሸም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያም በመካነ ሰላምም ካምፓስ አለው፤ በኔትወርክ የሚታዘዝ ሚክሰር ቢተክል፣ ቱሉ አውሊያ የተቀመጠ ባለሙያ የመካነ ሰላምን ማይክ ሊያስተካክል ይችላል። ለጥገና ደስ ይላል። ለስብሰባ ግን አልወደውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ዋይፋዩ እስኪነሳ ሰብሳቢው ምን ያድርጉ? ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ሳይቀየር ከቀረስ፣ ሳይዘጋ ያደረውን ማይክ ማን ያዳምጠዋል?

እኔ ሽቦ እመርጣለሁ። እንደ ሹር ኤስሲኤም810 ያለ ባለስምንት ማይክ አውቶማቲክ ሚክሰር ጀርባው ላይ ለእያንዳንዱ ማይክ ሦስት የሽቦ ማያያዣ አለው፤ አንዱ ማይኩን ይዘጋል፣ አንዱ በግድ ይከፍታል፣ ሦስተኛው ማይኩ ሲከፈት ምልክት ይሰጣል፤ በዚህ ምልክት ትንሽ መብራት ማብራት ይቻላል። ለመዝጋትና ለመክፈት ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል።

በግድ መክፈቻው ደግሞ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። የወሎ ስብሰባ በምርቃት ይጀመራል። ሽማግሌው ትንፋሽ እየወሰዱ፣ አሰብ እያደረጉ ሲመርቁ፣ በየመሃሉ ቤቱ «አሜን» ይላል። ሚክሰሩ ምርቃት አያውቅም፤ አሜኑ ወደ ጎላበት ማይክ ይሄድና የሽማግሌው ቀጣይ ቃል ከጫፉ ይቆረጣል። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ማብሪያውን ተጭኖ ማይካቸውን ክፍት ያቆይላቸዋል። እሳቸው መጨረሳቸውን የሚያውቀው ከፊታቸው ያለ ሰው ነው፤ ታብሌት ይዞ ሌላ ከተማ የተቀመጠ ሰው ከየት ያውቃል?

መብራቱን በዋጋ ምክንያት እንዳያስቀሩት። ሰብሳቢው የአንድን ገበሬ ማይክ ሲዘጉ መብራቱም አብሮ እንዲጠፋ ከተያያዘ፣ ቤቱ ያያል። በታብሌት ሲዘጋ ግን «ማይኩ ተበላሽቶ ነው» ይባላል፤ ሰውየውም አምኖ ይቀመጣል።

እንግዲህ የጨረታ ሰነዱ ላይ «በሽቦ የሚሠራ መዝጊያና መክፈቻ፣ ለየማይኩ ከመብራት ጋር» ብለው ያስጽፉ። ታብሌቱን ነጋዴው ከጨመረልዎ ይቀበሉት።