የጣሪያውን የሌሊት ወፍ አታጭሱት



በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ምሽት ላይ ደጅ ብትቀመጡ የሌሊት ወፎች ከቡና ጥላ ዛፎች በላይ ሲያንዣብቡ ታያላችሁ። ዱሮ ማንም ልብ አይላቸውም ነበር። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ከተነገረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጥር 18 ቀን ወረርሽኙ ማብቃቱ ቢታወጅም ፍርሃቱ አልበረደም። አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈው ነበር። ሚስት ለልጆቿ ፈርታ «ኮርኒሱ ውስጥ ያሉትን በጭስ እንጨርሳቸው» ትላለች፤ ባል ደግሞ «ስንት ዓመት አብረውን ኖረዋል፣ ተያቸው» ይላል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ማርበርግን የሚሸከመው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሚባለው ነው። ይህ ወፍ በአገራችንም ይኖራል፤ በሺህ እየሆነ በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ ያድራል። ቫይረሱን ይዞም እሱ ራሱ አይታመምም። በቤት ጣሪያ ሥር የምናገኛቸው አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ነፍሳት በል ናቸው፤ የወባ ትንኝም ሳይቀር ይለቅማሉ።

መግደል ምን እንደሚያመጣ ከኡጋንዳ እንማር። እ.ኤ.አ. በ2007 በኪታካ ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች በማርበርግ ታመሙ። ተመራማሪዎች ጓንትና ጭምብል አድርገው፣ ወፎቹን በመረብ ይዘው መረመሩ፤ ከመቶ አምስት ያህሉ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ የማዕድኑ ሰዎች ወፎቹን ፈጇቸው። ተገላገሉ? የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው አካባቢ ማርበርግ እንደገና ሰው ገደለ። ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲመረምሩ ወፎቹ በቁጥር አንሰዋል፤ ቫይረሱ ያለባቸው ግን ከመቶ 13 ደርሰዋል። ባዶ ወደ ሆነው ጉድጓድ በሽታውን ጨርሶ የማያውቁ አዳዲስ ወፎች ስለ ገቡ ሳይሆን አይቀርም።

በኡጋንዳ ከተደረገ ሌላ ክትትልም አንድ ነገር ታወቀ፦ ቫይረሱ የሚበዛው ስድስት ወር ገደማ በሆናቸው ጫጩቶች ላይ ነው፤ ይህም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ወቅት ማወቅ የሚቻለው ወፎቹን በተደጋጋሚ በመመርመር ነው።

ልጆቻችሁን ዋሻ ውስጥ እንዳይገቡ ንገሯቸው። ወፍ የነካካውን ዘይቱንና ማንጎ አይብሉ፤ ወድቆ ያገኙትንም ወፍ በእጃቸው አይንኩ። ዋሻ ገብቶ የነበረ ሰው ብርቱ ትኩሳት ከያዘው ጤና ጣቢያ ሲደርስ አስቀድሞ ይህንኑ ይናገር። ኩሳቸውን በደረቁ አትጥረጉ፤ ውኃ አርከፍክፋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ይሁን። ቀዳዳውን መድፈን የሚሻለው ሲመሽ፣ ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው። ጫጩት ካለ ግን ቆዩ፤ አለበለዚያ ውስጥ ሞቶ ይሸታችኋል።

ያ ባል ወንፊት ሽቦ ገዝቶ አስቀምጧል። ሚስቱም ጫጩቶቹ እስኪበሩ ለመታገሥ ተስማምታለች፤ ማታ ማታ ግን «አሁንስ አልበረሩም?» ማለቷን አልተወችም።