ልጓም ያጣ መሐላ

በቅርቡ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ታክሲውም ተሳፋሪ እየጠበቀ ገና ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ አጠገቤ የነበረ፣ በአንገቱ ማዕተብ ያሰረ፣ በአነጋገሩም በአለባበሱም ጨዋ የሆነ ጎልማሳ ስልኩን አንሥቶ፣ «ማርያምን፣ አራት ኪሎ ደርሻለሁ» ሲል ሰማሁት። ነገሩ የተለመደ ነውና ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ያሳዘነኝ ውሸቱ ብቻ ሳይሆን፣ ለውሸቱ ማጽኛ የተጠራው ስም፣ ይኸው ሰው በጭንቁ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደፍቶ በእንባ «አማልጅኝ» የሚልበት ስም መሆኑ ነው።

ስለ ሐሜት፣ ስለ ስድብና ስለ ነገር ማመላለስ ብዙ ተግሣጽ እንሰማለን፤ ሊሰማም ይገባል። ስለ መሐላ ግን የሚገሥጸን ጥቂት ነው፤ መሐላ ከአፋችን የሚወጣው ኃጢአት መስሎ ሳይሆን ሃይማኖተኛነት መስሎ ነውና። «ማርያምን»፣ «ሚካኤልን»፣ «ጊዮርጊስን» ስንል፣ በሰዋስው ዓይን ለሚመለከተው፣ ስሙ ተሳቢ ሆኖ ተቀምጦ ግሡ ጨርሶ የለም፤ ተናጋሪው ቅዱሱን ስም ለምን እንዳነሣው እንኳ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ያልፋል። ከዚህም የከፋው «እናቴ ትሙት» ነው፤ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመሸጥ የወላጅ ሕይወት መያዣ ይሆናል። አባቶቻችንም «ምኒልክ ይሙት»፣ «በንጉሥ አምላክ» ይሉ እንደ ነበረ አይዘነጋኝም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን «በንጉሥ አምላክ» የተባለ ባለጋራ፣ ገመድ ሳይነካው በቃል ታስሮ፣ ከዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ካለበት መቆም ነበረበት። መሐላቸው ሁሉ ቅዱስ ነበረ አልልም፤ መሐላ የሚያስር ነገር መሆኑን ግን ያውቁ ነበር።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ፣ ማቴዎስ በምዕራፍ 5 እንደ ጻፈው፣ በሰማይም ሆነ በምድር፣ በኢየሩሳሌምም ሆነ በገዛ ራሳችን እንዳንምል የከለከለን፣ ከራሳችን ጠጉር አንዲቱን እንኳ ነጭ ወይም ጥቁር ማድረግ የማንችል ፍጡራን መሆናችንን አስታውሶ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም አንደበትን በፈረስ ልጓምና በመርከብ መሪ ከመሰለ በኋላ፣ በመልእክቱ ፍጻሜ ከሁሉ አስቀድሞ እንዳንምል ያዝዛል። እኔን ግን ከትእዛዙ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የሆነው ነው። ጴጥሮስ በመጀመሪያ በአንዲት ገረድ ፊት በተራ ቃል ካደ፤ በሁለተኛው ክህደቱ መሐላ ጨመረ፤ በሦስተኛው ራሱን ይረግምና ይምል ጀመር፤ እውነት ከእርሱ እየራቀች በሄደች መጠን መሐላው እየከበደ ሄደ። ይኸው ጴጥሮስ በፊልጶስ ቂሣርያ፣ ጌታ ማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ፣ ያን ታላቅ ምስክርነቱን ሲሰጥ በማንም ስም አልማለም። አንዲት ቃል መሐላ ሳይጨምር ተናገረ፤ ስለዚያችም ቃል ብፁዕ ተባለ።

«ካልማልሁ ማን ያምነኛል?» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው፤ በጥያቄውም እውነት አለ። ሁሉ በሚምልበት ገበያ ያልማለ ሰው ቃል እንደ ውሸት ይቆጠራልና፣ አንዱ በማርያም ሲምል ሁለተኛው በሥላሴ፣ ሦስተኛው በእናቱ ሞት ይምላል፤ እየማለም አይታመንም። ስለዚህ በደሉ የሚምለው ሰው ብቻ አይደለም፤ የምናስምለው እኛም ተካፋዮች ነን። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያየውን ቢነግረን «እስቲ ማርያምን በል» እንለዋለን፤ በዚህች አጭር ቃልም፣ ማርያምን ሳይል የሚናገረው ሁሉ ሊታመን የማይገባው መሆኑን ገና በለጋነቱ እናስተምረዋለን። ካደገ በኋላ አንደበቱ ልጓም አጣ ብለን ማዘናችን ምን ይጠቅማል? ልጓሙን የፈታነው እኛ ነን።

ምስክር በዳኛ ፊት የሚገባው መሐላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና አሁን አልነካውም። ባለቤቲቱ እንግዳዋን «በሞቴ» እያለች ስታጎርስም አልነቅፋትም፤ በገዛ ሞቷ የምትለምነው ለሌላው ጥጋብ ነው። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻውን ጩኸት ታግሦ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚጠራው ያንኑ ስም ነው፤ ነገር ግን እርሱ ስሟን የሚጠራው ሊራራለት ለሚችል ሰው ልብ ነው እንጂ ለሐሰት መሸፈኛ አይደለም። ስሟ ለዚህ ተሰጥቶናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ከበሽታው ነጻ ስለ ሆንሁ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የነፍስ አባቴ ሐሜቴንና ቁጣዬን ከሰሙ በኋላ፣ ስነጋገር አንድ ሁለቴ «ማርያምን» ማለቴን ታዝበው ኖሮ፣ በማግስቱ አሥራ አምስት የሽምብራ ፍሬ በቀኝ ኪሴ ይዤ እንድውልና በማልሁ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪሴ እንዳዛውር አዘዙኝ። ማታ ስመለስ በግራ ኪሴ አሥራ አንድ ፍሬ ነበረ። ስግደት ይጨምሩብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ ፍሬዎቹን በመዳፌ ላይ አስይዘው፣ «ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ ሳትምል ብትናገረው የማትታመንበት የቱ ነበር?» አሉኝ። ለጎረቤቴ ስለ ዝናቡ የነገርሁትን፣ ለባለሱቁ ዝርዝር የለኝም ያልሁትን፣ ለባለቤቴ ምሳ በልቻለሁ ያልኋትን አንድ በአንድ አሰብሁ። አንድም አላገኘሁም።