የውሸት አንባቢ፣ የውሸት ገጽ

እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ የገዛ ስሙን ፍለጋ ወደ ማስታወቂያ ገበያ ወጣ። የድረ ገጽ ማስታወቂያ ቦታ በኮምፒዩተር ጨረታ የሚሸጥባቸውን መድረኮች ሲፈትሽ፣ በ10 መድረኮች ላይ የምስል፣ በ15 መድረኮች ላይ ደግሞ የቪዲዮ ማስታወቂያ ቦታ በስሙ ሲቸበቸብ አገኘ። ሻጮቹ የእሱ ሰዎች አልነበሩም፤ ከሽያጩም ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። ጋዜጣው በዚህ መንገድ በስሙ የሚነገደውን በወር ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገመተው። ገንዘቡን የከፈሉት ድርጅቶች ማስታወቂያቸው በጋዜጣው አንባቢዎች ፊት የወጣ መስሏቸው ነበር። የወጣው ግን ሰው ይየው አይየው በማይታወቅ ቦታ ነው።

በኢንተርኔት ማስታወቂያ ስለሚፈጸም ማጭበርበር ሲወራ ተጎጂ ተብሎ የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ አስነጋሪው ድርጅት ነው። እውነት ነው፣ ገንዘቡ የወጣው ከእሱ ኪስ ነው። ነገር ግን ዘጋቢ ቀጥሮ፣ የሰርቨር ኪራይ ከፍሎ፣ ዓመታት ለፍቶ አንባቢ ያፈራው የድረ ገጽ ባለቤት ጉዳቱ ከዚያ አያንስም። ለእሱ ሊደርስ የሚገባው በጀት ለሐሰተኛ ገጽ ይከፈላል፤ በእሱ ገጽ ላይ ሐሰተኛ ክሊክ ሲወርድ ደግሞ ተጠርጣሪው ራሱ ይሆናል። ክሊክ ማጭበርበርና የሰውን ገጽ በራስ ፍሬም ውስጥ ከትቶ ማሳየት እንደ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ሲታዩ ቆይተዋል። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፦ በዚህ ገበያ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ በመካከላቸው የተደረደሩት ደላሎች የሚያቀብሏቸውን ስምና ቁጥር አምነው ይገበያያሉ። ስለዚህ ገቢውን ሊጠብቅ የሚሻ ባለቤት ሌባ ከማሳደዱ በፊት የስሙን፣ የገጹንና የአንባቢውን እውነተኛነት ማንም ሊያጣራው በሚችል ማስረጃ ማስደገፍ አለበት።

በክሊክ ልክ ማስከፈልን እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ ያዋለው ጎቱ ዶት ኮም የተባለ የአሜሪካ የፍለጋ ድረ ገጽ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም የአውሮፓውያን ናቸው።) ጉግል በ2003 አድሰንስ የተባለውን የማስታወቂያ መረብ ሲከፍት አሠራሩ ወደ ተራው ድረ ገጽ ወረደ፤ ስለ ምግብ አሠራርም ሆነ ስለ ሰፈሩ ወሬ የሚጽፍ ሰው ጥቂት መስመር ኮድ ለጥፎ ገቢ ማግኘት ቻለ። ሐሰተኛ ክሊክ ያስነሣው ክርክር ፍርድ ቤት ለመድረስ ብዙም አልቆየም። በአርካንሳስ ግዛት ሌንስ ጊፍትስ የተባለ መደብር በ2005 ለሐሰተኛ ክሊክ ተጠይቄ ከፍያለሁ ሲል ጉግልንና ሌሎችን ከሰሰ። ጉግል በ2006 ጉዳዩን በ90 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ቋጨው፤ ከዚህም እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርሰው ለጠበቆች ነበር። አስነጋሪዎቹ ያገኙት ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የማስታወቂያ ክሬዲት ነው።

በዚሁ ጉዳይ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ቱዢሊን የጉግልን አሠራር ከውስጥ መርምረው ሪፖርት አወጡ። የኩባንያውን ጥረት ምክንያታዊ ነው ቢሉም አንድ ከባድ ችግር አስፍረዋል። የትኛው ክሊክ ዋጋ እንደሌለው በዝርዝር ቢነገር አጭበርባሪዎች ማምለጫውን ያውቁታል፤ ካልተነገረ ደግሞ ከፋዩም ተከፋዩም የሚዳኙበትን መመዘኛ ሳያውቁ ይኖራሉ። ቀላል የሚመስለው እንኳ ቀላል አልነበረም፦ አንድ ሰው በልማድ ማስታወቂያውን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ሲጫን፣ ጉግል እስከ 2005 መጀመሪያ ድረስ ሁለተኛውንም ክሊክ ያስከፍል ነበር።

አስነጋሪዎቹ ቢያንስ መክሰስ ችለዋል። ትንሹ የድረ ገጽ ባለቤት ግን የሚደርሰው የማስታወቂያ ሒሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ አጭር ኢሜይል ነው። ተገቢ ያልሆነ እንቅስቃሴ ታይቷል ይባላል፤ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየት አገር በመጣ ክሊክ እንደሆነ አይብራራም። ያልተከፈለው ገቢ ተይዞ ለአስነጋሪዎች ይመለሳል። ይህ ለተንኮለኛ የተመቸ ሁኔታ ነው፤ ተፎካካሪውን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው በዚያ ሰው ገጽ ላይ ክሊክ ማዝነብ ብቻ ይበቃዋል። አንዳንዴ ጉዳቱ ከወዳጅም ይመጣል። ዋሺንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ የአማርኛ ድረ ገጽ የሚከታተል አንባቢ ባለቤቱን ልርዳ ብሎ ያየውን ማስታወቂያ ሁሉ ቢጫን፣ በማስታወቂያ መረቦቹ ደንብ ያ ሐሰተኛ ክሊክ ነው። ባለቤቱ ራሱ «ማስታወቂያውን እየተጫናችሁ ደግፉን» ብሎ ከጻፈማ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል።

ትልልቆቹ አጭበርባሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ በግልጽ የታየው አሌክሳንደር ዡኮቭ በተባለው ሩሲያዊ ላይ ብሩክሊን በሚገኘው ፌዴራል ፍርድ ቤት በቀረበው ክስ ነው። ዡኮቭና ተባባሪዎቹ ከ2014 እስከ 2016 ራሳቸውን የማስታወቂያ መረብ አስመስለው፣ በዳላስና በሌሎች የዳታ ማዕከላት ከ1,900 በላይ ሰርቨሮች ተከራዩ። ከ650,000 የሚበልጡ የአይፒ አድራሻዎችንም ተከራይተው የተራ ሰው የቤት ኢንተርኔት እንዲመስሉ አደረጉ። ከዚያ ሰርቨሮቹ «ማንበብ» ጀመሩ። የሌለ ማውዝ ይንቀሳቀሳል፤ ገጹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቪዲዮ ይከፈትና መሃል ላይ ይቆማል፤ አንባቢ ተብዬውም ፌስቡክ የከፈተ ሰው መስሎ ይታያል። በክሱ መሠረት ከ5,000 በላይ የድረ ገጽ ስሞች ተመስለዋል፤ የተዘረፈውም ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዡኮቭ በ2018 ቡልጋሪያ ውስጥ ተይዞ ኋላ ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጠ፤ በ2021 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እነዚያን ሁሉ ስሞች ለመጠቀም ዡኮቭ የማንንም ሰርቨር ሰብሮ መግባት አላስፈለገውም። ስሙን መጥራት ብቻ በቂ ነበር፤ ገዢው የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። ባለቤቶቹ የፈለጉትን ያህል የደኅንነት ሶፍትዌር ቢጭኑ ይህን ሊያስቆሙት አይችሉም ነበር።

መፍትሔውም ከስም ጀመረ። በ2017 አይኤቢ ቴክ ላብ የተባለው የዘርፉ የቴክኒክ ተቋም «አድስ ዶት ቴክስት» የሚባለውን አሠራር አወጣ። ባለቤቱ በድረ ገጹ አድራሻ ሥር አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። እያንዳንዱ መስመር ቦታውን እንዲሸጥ የተፈቀደለትን ድርጅት፣ የባለቤቱን የሒሳብ ቁጥር፣ ሽያጩ በቀጥታ ይሁን በመልሶ ሻጭ ያሳውቃል። ፋይሉ ለማንም ክፍት ስለሆነ ገዢው ያነበዋል፤ በዝርዝሩ የሌለ ሻጭ በዚያ ስም ሲመጣበት ይተወዋል። ክፍያ የለውም፣ ልዩ ችሎታም አይጠይቅም። ድክመቱ በአያያዝ ነው። አዲስ የማስታወቂያ አጋር በመጣ ቁጥር «እነዚህን መስመሮች ጨምር» ይላል፤ ባለቤቱ ሳያነብ ይለጥፋል፤ ፋይሉ ያብጣል። ማንነቱ ሳይጣራ የገባ መልሶ ሻጭ ደግሞ አጭበርባሪ ከሆነ በባለቤቱ ፈቃድ የሚሸጥ አጭበርባሪ ነው። ረጅም ዝርዝር ያለው ሰው በየጥቂት ወሩ ቁጭ ብሎ ገንዘብ ያላመጣለትን መስመር ሁሉ ቢሰርዝ ይሻለዋል።

ስሙ ከተጠበቀ በኋላ ገጹ ይቀራል። ፍሬም፣ ማለትም የሌላውን ገጽ በራስ ገጽ ውስጥ በተከፈተ መስኮት ማሳየት፣ የክሊክ ንግድ ሳይስፋፋ ጀምሮ ያለ ችግር ነው። ቶታል ኒውስ የተባለ የአሪዞና ድረ ገጽ የዋሺንግተን ፖስትን፣ የሲኤንኤንን፣ የሮይተርስንና የሌሎችን ገጾች በራሱ ፍሬም ውስጥ ያሳይ ነበር። ዜናው መሃል ላይ ይነበባል፤ ዙሪያውን የቶታል ኒውስ ስምና ማስታወቂያ ይከበዋል፤ በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ የሚታየውም የቶታል ኒውስ ነው። ሌላው በሚያበስልበት ምግብ ቤት በር ላይ የራስን ካሸር እንደ ማስቀመጥ ነው። የዜና ድርጅቶቹ በፌብሩዋሪ 1997 ከሰሱ፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ቶታል ኒውስ ሊንክ ብቻ ሊያደርግ፣ ፍሬሙን ሊተው ተስማምቶ ክሱ አበቃ።

ዛሬ ፍሬም የጽሑፍ ስርቆት መሣሪያ ብቻ አይደለም። በ2008 ጀርማያ ግሮስማንና ሮበርት ሃንሰን የተባሉ የደኅንነት ባለሙያዎች «ክሊክጃኪንግ» ያሉት ጥቃት የሌላውን ገጽ በማይታይ ፍሬም ውስጥ ያስቀምጣል። ጎብኚው ፊልም ለማየት «ክፈት» የሚለውን የተጫነ ሲመስለው፣ የተጫነው ከላይ በማይታይ መልኩ የተደረበውን የሌላ ሰው ገጽ ነው። በዚያ ቦታ ማስታወቂያ ካለ ክሊኩ ይመዘገባል፤ የሚመዘገበውም በእውነተኛው የድረ ገጽ ባለቤት ሒሳብ ላይ ነው። ሁለቱ ማጭበርበሮች እዚህ ላይ ይገናኛሉ፦ ገጹን ለማንም ፍሬም ክፍት ያደረገ ሰው የማያውቀው ሰው በስሙ ሐሰተኛ ክሊክ እንዲያመርት በሩን ትቶለታል።

ብዙዎች ይህን በጃቫስክሪፕት ሊከላከሉ ሞክረዋል፤ ገጹ ፍሬም ውስጥ መሆኑን ካወቀ ራሱን አስፈትቶ እንዲወጣ የሚያዝ አጭር ኮድ ይጻፋል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2010 በታላላቅ ድረ ገጾች ላይ ያገኟቸውን እንዲህ ያሉ ኮዶች ፈትሸው ሁሉም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ እንደሚታለፉ አሳዩ። የሚሠራው መከላከያ ከሰርቨሩ የሚላክ ትእዛዝ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 በ2009 «ኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ»ን ይዞ መጣ፤ አሁን ቦታውን የያዘው «ፍሬም አንሴስተርስ» የሚባለው መመሪያ ነው። ይህ መመሪያ ገጹን በፍሬም ማሳየት የሚፈቀድላቸውን አድራሻዎች ይዘረዝራል፤ ብራውዘሩ ከዚያ ውጭ ባለ አድራሻ ፍሬም ውስጥ ገጹን አያሳይም። በገጹ ኮድ ውስጥ በሜታ ታግ መጻፉ ግን አይሠራም፤ ከሰርቨሩ ከሚላከው ምላሽ ጋር መምጣት አለበት። ሠርቻለሁ ብሎ የተኛ ባለቤት ይህን አንድ ነገር ቢያረጋግጥ ጥሩ ነው።

ይህ የአንድ መስመር ትእዛዝ በፍርድ ቤትም ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 በነፃ ለሕዝብ የቀረበን ይዘት በፍሬም ማሳየት በራሱ የቅጂ መብት ጥሰት እንዳልሆነ ወስኖ ነበር። በማርች 2021 በጀርመኑ የቅጂ መብት ማኅበር በፋው ጌ ቢልድ ኩንስት ጉዳይ ግን የመብቱ ባለቤት ፍሬምን የሚከለክል ቴክኒካዊ እርምጃ ከወሰደ ወይም ካስወሰደ፣ እርምጃውን አልፎ ለሚደረግ ፍሬም ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። መከልከሉን በቃል ብቻ የተናገረ ባለቤትና በሰርቨሩ ያሳወቀ ባለቤት በሕግ ፊት እኩል አይቆሙም ማለት ነው።

ባለቤቱ ምንም ቢያደርግ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ እሱም የአንባቢው ኮምፒዩተር ነው። ኤፍቢአይ በኖቬምበር 2011 «ኦፕሬሽን ጎስት ክሊክ» ብሎ ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ በኢስቶኒያው ሮቭ ዲጂታል ኩባንያ ዙሪያ የተሰባሰበ ቡድን ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮችን በቫይረስ በክሎ ተገኘ። የተበከለው ኮምፒዩተር ዎል ስትሪት ጆርናልን ሲከፍት የአሜሪካን ኤክስፕረስ ማስታወቂያ ተነሥቶ የቡድኑ ማስታወቂያ ይተካ ነበር። ጽሑፉ የጋዜጣው፣ አንባቢውም የጋዜጣው፣ ክፍያው ግን የሌባው። ቡድኑ ቢያንስ 14 ሚሊዮን ዶላር አግበስብሷል። በጋዜጣው ሰርቨር ላይ የሚታየው ግን ጤናማ ጉብኝት ብቻ ነው።

ቢሆንም ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጉብኝት የሚያሰፍርበትን መዝገብ የሚተካ ማስረጃ የለም። እያንዳንዱ መስመር አይፒ አድራሻውን፣ ሰዓቱን፣ የተከፈተውን ገጽ፣ ጎብኚው የመጣበትን አድራሻና የብራውዘሩን ዓይነት ይይዛል። እንበልና በቀን 20 ክሊክ የሚታይበት ገጽ አንድ ሌሊት 400 ክሊክ ቢታይበት፣ መዝገቡን የከፈተ ሰው ጎብኚዎቹ ከአንድ የዳታ ማዕከል መምጣታቸውን፣ ከየትም ሊንክ ሳይነሡ በቀጥታ መግባታቸውን፣ ሌላ ገጽ አለመክፈታቸውን ያያል። ያን ሌሊት ማስታወቂያውን ከገጹ አውርዶ፣ መዝገቡን ቆርጦ ከማብራሪያ ጋር ለማስታወቂያ መረቡ ቀድሞ የላከ ባለቤት ቦታው የተጠርጣሪ ሳይሆን የከሳሽ ነው። ብዙ ርካሽ የሆስቲንግ አገልግሎቶች መዝገቡን ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚያጠፉት በየሳምንቱ ማውረድ ያስፈልጋል።

የተሻለው ገቢ ደላላ ያልገባበት ነው። የፍጆታ ዕቃ አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ2017 ከዲጂታል ማስታወቂያው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀንሶ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ገንዘቡ ሰው ጋ መድረሱን መጠራጠሩ ነው። ትልቅ ከፋይ ሲሸሽ ሐቀኛውና ሐሰተኛው ገጽ አብረው ይጎዳሉ። አንባቢዎቹ እነማን እንደሆኑ በመዝገብ የሚያሳይ ድረ ገጽ ግን ለሚያውቀው የጉዞ ወኪል ወይም ምግብ ቤት ቦታውን በወር ኪራይ ሊሸጥ ይችላል። ዋጋው በክሊክ ስላልተቆረጠ የሐሰት ክሊክ የሚያዘንብበት ሰው የሚያገኘው ትርፍ የለም።

ቀሪው የማስታወቂያ መረቦቹ ዕዳ ነው። ከ2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ የሰዎችን ይዘት የሚያስተናግዱ መድረኮች ክፍያ ሲያግዱ ግልጽና የተለየ ምክንያት እንዲሰጡ በአንቀጽ 17 ያስገድዳል። ይኸው ግዴታ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ለሚያወጣ ሰውም ሊደርስ ይገባል። የማጣሪያው ቀመር ምስጢር ሆኖ ይቆይ፤ ቱዢሊን እንዳሉት ለዚያ ምክንያት አለው። የተቀነሰው ክሊክ የታየበትን ቀን፣ ገጽና አገር ማሳወቅ ግን ለአጭበርባሪ ምንም ፍንጭ አይሰጥም፤ ባለቤቱ ግን ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያይቶ መልስ እንዲሰጥ ያስችለዋል።