ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ጆሮውንም ይጠብቅ

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአባቶች ምክር ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ወባ፣ ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕናና ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ በሚነገርበት ጊዜ ነው። በቆላ አገር ለሚኖር ሕዝብ ከነዚህ የሚቀድም ነገር እንደሌለ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጠመንጃ በብዙ ቤት በሚገኝበት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሽታ ተብሎ ያልተቈጠረ፣ ብዙ ጊዜም ሕመም ስለማይሰማበት ወደ ሐኪም የማያስሮጥ አንድ ጉዳት አለ። ይኸውም የተኩስ ድምፅ በጆሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ያለንን ሐሳብ ለክቡራን መምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች እናቀርባለን።

በመተማ ዮሐንስና በአካባቢዋ ጠመንጃ መያዝ የትናንት ልማድ አይደለም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ካረፉት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ከዚያ ወዲህም ከቋራ እስከ አርማጭሆ በወሰን ላይ የሚኖር ገበሬ ሰሊጡንና ጥጡን፣ ከብቱንና ቤተ ሰቡን ከወንበዴ ለመጠበቅ ዘመኑ ያመጣለትን መሣሪያ ይዞ ኖሯል፤ በፊት ውጅግራና ምንሽር፣ በኋላም ክላሽንኮቭ። መሣሪያ በምን ሥርዓትና ፈቃድ እንደሚያዝ ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደንግጎታል፤ ይህን ማስረዳት የሕግ ሰዎች ሥራ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ቤቱን በጠመንጃ የሚጠብቅ ሰው፣ የቤቱ የመጀመሪያ ጠባቂ ማን እንደ ሆነ አስቦ ያውቃልን?

የቤት የመጀመሪያ ጠባቂ ጆሮ ነው፤ ጠመንጃ ሁለተኛ ነው። በጨለማ ሌሊት ዐይን ብዙ አይረዳም። የማሽላው አገዳ ሲንኮሻኮሽ፣ የበረቱ መዝጊያ ሲነቃነቅ፣ የውሻው ጩኸት ሲለወጥ ለባለቤቱ የሚነግረው ጆሮው ነው። ሁለተኛውን ጠባቂ በከንቱ እያስጮኹ የመጀመሪያውን ማደንቆር ብልኅነት አይደለም፤ የዚህ ጽሑፋችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ለመረዳት የጆሮን አሠራር በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ድምፅ በአየር ተጕዞ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ከታምቡሩ ጋር የተያያዙት 3 ጥቃቅን አጥንቶችም እንቅስቃሴውን ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያስተላልፋሉ። ውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ፣ ፈሳሽ የሞላበት ክፍል ነው። በዚያም ውስጥ ጫፋቸው ጸጉር የሚመስል 15,000 ያህል ሕዋሳት በረድፍ ተሰልፈው ድምፁን ነርቭ ወደሚያደርሰው መልእክት ይለውጡታል። እነዚህ ሕዋሳት ከእናታችን ማሕፀን ይዘናቸው የመጣን ናቸው፤ ሲሞቱ ምትክ የላቸውም። ዶሮና ሌሎች አእዋፍ የሞቱባቸውን እነዚህን ሕዋሳት መልሰው እንደሚያበቅሉ ሊቃውንት በ1980 ዓ.ም. ገደማ አረጋግጠዋል። የሰው ልጅ ግን ይህን ጸጋ አላገኘም።

የድምፅ ኀይል የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። ሁለት ሰዎች በእርጋታ ሲነጋገሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ያህል ነው። በብዙ አገር በፋብሪካ ለሚሠራ ሰው በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል እንደ ወሰን ይቈጠራል። የጠመንጃ ተኩስ ግን እንደ መሣሪያው ዐይነት ከ140 እስከ 170 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ክላሽንኮቭን የመሰለው በተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 ይበልጣል። ይህም ቍጥር እንደ ገበያ ሒሳብ የሚደመር አይደለም። በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኀይል 10 እጥፍ እየሆነ ስለሚሄድ፣ 155 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ 85 ዴሲቤል ከሆነው በ10 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለድንገተኛ ድምፅ ያመለከተው ወሰን ለአዋቂ ሰው 140፣ ለሕፃን 120 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ ወሰኑን ለማለፍ አንዲት ጥይት ትበቃለች ማለት ነው።

ዐይን ቆብ አለው፤ ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። በመካከለኛው ጆሮ የሚገኙ ትናንሽ ጡንቻዎች ታላቅ ድምፅ ሲመጣ ተኰማትረው ጥቂት ይከላከላሉ። ነገር ግን የተኩስ ድምፅ ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት ሺኛ ክፍል ውስጥ ደርሶ ስለሚያልፍ፣ እነርሱ እስኪሰናዱ ድረስ የሚጐዳው ተጐድቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

የዚህ ጉዳት ክፋቱ ቀስ ብሎ መምጣቱና ባለቤቱን ማታለሉ ነው። አስቀድመው የሚጠፉት በሴኮንድ 4,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገቡት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ሰውዬው የጐረምሳ ድምፅ፣ የበሬ ጩኸት፣ የከበሮ ምት ስለሚሰማ ጆሮው ደኅና ይመስለዋል። ነገር ግን የሚስቱና የልጆቹ ንግግር ይደበዝዝበታል። «ሠራ» ሲሉት «ፈራ»፣ «ጠጣ» ሲሉት «ቀጣ» ይመስለዋል፤ ሰዎች እያጕተመተሙ ይናገራሉ ብሎም ይቈጣል። ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው ላይ አስደግፎ የሚተኩስ ሰው የግራ ጆሮው ወደ አፈ ሙዙ የቀረበ ስለ ሆነ፣ ቀኙን ግን ጭንቅላቱ ስለሚከልልለት፣ የግራው ቀድሞ ይጐዳል። ከዚህም በላይ ሌሊትና ቀን ጭው የሚል፣ እንቅልፍ የሚነሣ ጩኸት በጆሮው ውስጥ ሊቀር ይችላል። በአሜሪካ አገር ከጦር አገልግሎት ለተመለሱ ሰዎች ካሣ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች ሁሉ በብዛት የመጀመሪያው ይኸው የጆሮ ጩኸት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ ለዚህ ነገር ይበልጥ ይስማማል፤ ጆሮው መጐዳቱን ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና።

ነገሩ የንግግር መደብዘዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። በሌሊት ኮሽታ የሰማ ጠባቂ ጠመንጃውን አንሥቶ «ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት ሰው ከከተማ አምሽቶ የመጣ ልጁ ወይም ጎረቤቱ፣ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ መንገድ የጠፋው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ድምፅን ከድምፅ፣ ቃልን ከቃል መለየት የተሳነው ጆሮ ግን የወዳጅን መልስ ከጠላት መልስ አይለይም። እንዲሁም የመጀመሪያው ጥይት ከተተኰሰ በኋላ ያልተሸፈነ ጆሮ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ፣ ሚስቱ «ተው፣ አትተኩስ!» ብትለው ላይሰማት ይችላል። የወጣች ጥይት እንደማትመለስ ሁሉ በርሷ የጠፋ ሕይወትም አይመለስም።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ታዲያ ወንበዴ በደጅ ቆሞ ሳለ ጆሮዬን ልድፈን ትላላችሁን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሊት አድፍጦ የሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን ይድፈን አንልም፤ ይህ የመጀመሪያውን ጠባቂ ማሰናበት ይሆናልና። ሕይወት በእውነት በሚያሠጋበት ቅጽበት የጆሮ ነገር ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንባቢ ራሱ ባለፈው ዓመት የሰማውን ተኩስ ይቍጠር። ስንቱ ነው ቤት ለመጠበቅ የተተኰሰ? ስንቱስ ሙሽራ ሲመጣ፣ ሬሳ ሲወጣ፣ ፉከራ ሲደምቅ፣ አዲስ መሣሪያ ሲሞከር የተተኰሰ ነው? በሠርግ ዳስ አጠገብ ሲተኰስ ቀለህ ለመልቀም የሚሻሙት ሕፃናት ከአፈ ሙዙ ስንት እርምጃ ይርቃሉ? የሞተውን ለማክበር ሲባል በሕይወት ያሉትን ማደንቆር ክብር ሊባል አይገባውም። ቤት በሚጠበቅበት ሌሊት የሚያስፈልገው ጆሮ በሠርግና በለቅሶ ቀን የሚባክን መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።

ስለዚህ ቀጥሎ ያሉትን ምክሮች እናቀርባለን።

1ኛ፤ በሠርግ፣ በለቅሶና በበዓል አለመተኰስ። ሽለላና ፉከራ ያለ ጥይትም ያምራል። ለቀብር ሥርዓት ደንብ የሚያወጡ የዕድር ዳኞች ይህን በደንባቸው ውስጥ ቢጽፉት፣ ከማናቸውም ሐኪም ይልቅ ብዙ ጆሮ ያድናሉ።

2ኛ፤ ለልምምድ ወይም መሣሪያ ለመሞከር የሚተኩስ ሰው ሁለቱንም ጆሮውን ሳይሸፍን አይተኩስ። ከስፖንጅ የተሠራው ውታፍ በጣቶች መካከል ተጠቅልሎ ከቀጠነ በኋላ፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ ማግባት፣ እስኪነፋም ድረስ 30 ሴኮንድ ያህል በጣት ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል። በደንብ የገባ ውታፍ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በላዩ ከውጭ የሚደረበው የጆሮ ሽፋን ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ይጨምርለታል፤ ለጠመንጃ ሁለቱን መደረብ ይመረጣል። በባሕር ማዶ በትምህርት ላይ ሳለን ጆሮውን ያልሸፈነ ሰው ወደ ተኩስ ሜዳ እንዲገባ እንደማይፈቀድለት ተመልክተናል።

3ኛ፤ አገራችን የጥጥ አገር ብትሆንም በደረቅ ጥጥ አለመታለል። ደረቅ ጥጥ የሚያስቀረው ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው። ሌላ ነገር ከታጣ በሰም ወይም በቫዝሊን የታሸ ጥጥ ይሻላል። ለሚመለከተው ሰው ደግሞ ሁለቱን የጆሮ ቀዳዳ በጣት አጥብቆ መድፈን ገንዘብ የማይጠይቅ ጥሩ መከላከያ ነው። ቀለህና ሌላ ጠንካራ ነገር ግን ወደ ጆሮ አይገባም።

4ኛ፤ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው የጆሮ ሽፋኑን በአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጆሮውን ክፍት ያድርግ፤ ጊዜ ካገኘ ከመተኰሱ በፊት ይሸፍን። ዝቅተኛውን ድምፅ እያጐላ የሚያሰማ፣ ታላቁን ድምፅ ግን የሚያፍን በባትሪ የሚሠራ ሽፋንም አለ። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ለዘብ ጠባቂ የሚስማማው እርሱ ነው።

5ኛ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከመተኰስ መራቅ። ግድግዳውና የጣሪያው ቆርቆሮ ድምፁን መልሰው ስለሚያስተጋቡት ጉዳቱ በቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ይደርሳል። ቤተ ሰቡ አስቀድሞ በአንድ ቃል ይስማማ፤ አባት «ጆሮ!» ሲል ሁሉም በምድር ላይ ተኝተው ጆሯቸውን በጣታቸው ይድፈኑ፤ እናት የሕፃኑን ትድፈን። በአፈ ሙዙ ጐን የቆመ ሰው ከተኳሹም ይልቅ ሊጐዳ ስለሚችል፣ ማንም በተኳሹ ፊትና ጐን አይቁም።

6ኛ፤ ከተኩስ በኋላ ጆሮው ጭው ያለበት ወይም የደነዘዘበት ሰው ከሌላ ታላቅ ድምፅ ርቆ ጆሮውን ያሳርፍ። በማግስቱ ካልተሻለው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ አንዳንዱ ጉዳት ሕክምና የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና። ደም ከታየ ጆሮውን ውሃ እንዳይነካው ይጠንቀቅ፤ የተቀደደ ታምቡር ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ቅቤ፣ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ውስጥ ማፍሰስ ግን ጉዳት ይጨምራል።

ለመምህራን ደግሞ የተለየ ዐደራ አለን። በክፍል ውስጥ ሲጠሩት የማይመልስ፣ የተነገረውን አዛብቶ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ወይም ልበ ድፍን አይደለም። መምህሩ ከልጁ በስተኋላ እጅ ተዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ቆሞ፣ አንደኛውን ጆሮ በጣት አስደፍኖ፣ ጥቂት ቍጥሮችን በሹክሹክታ ይናገር፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ ይፈትን። ልጁ ደግሞ መናገር ካቃተው ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ወላጆቹም ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ይነገራቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች መጠኑ የተለያየ የመስማት ድካም እንዳለባቸው ገልጿል። ከነዚህ መካከል በድምፅ ብዛት የተጐዳውን አስቀድሞ መከላከል ይቻል ነበር።

አባት ለልጁ ጠመንጃ የሚያወርሰው ቤቱን እንዲጠብቅበት ነው። ከጠመንጃው ጋር የጆሮ ውታፍ ቢጨምርለት፣ በከንቱ አለመተኰስንም ቢያስተምረው፣ ውርሱን የተሟላ ያደርገዋል። በሌሊት የልጅን ድምፅ ከወንበዴ ድምፅ የሚለይ ጆሮ ያለው አባወራ፣ ጥይቱን ሳያባክን ቤቱን ይጠብቃል።