የዘፋኙ ጽናት

ልጆች ሆይ፥ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የርብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ በአዲስ ዘመን አጠገብ ደን የለበሰ ተራራ ያያል። ይህ ጣራ ገዳም ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሰው የፎገራን ሜዳ እንደ ተዘረጋ ሸማ ያየዋል።

አንድ ቀን በዚህ ተራራ ግርጌ ከወይራ ጥላ ሥር ከልጆች ጋራ ተቀምጬ ሳለሁ፥ «ስታድጉ ማንን መምሰል ትወዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ሐኪም፥ አንዱ መምህር፥ አንዱም ባለ ብዙ ከብት ገበሬ መሆን እወዳለሁ አለ። በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ዝምተኛ የነበረው ልጅ፥ «እኔስ ጥላሁን ገሠሠን» አለ። ባልንጀሮቹም ሁሉ ሳቁበት። «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» አሉት። ልጁም አንገቱን ደፋ።

እኔ ግን፥ «ስለ ምን ጥላሁንን መረጥህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ቀስ ብሎ፥ «የኔታ፥ አባቴ በስኳር በሽታ እግሩ ከተቈረጠ ወዲህ ከቤት አይወጣም፤ ሰው ሲመጣም ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሳል። ጥላሁንም እግሩ ተቈርጦ ነበር ይላሉ። እርሱ ግን ፊቱን አልመለሰም» አለኝ። ያን ጊዜ የሳቁት ልጆች ዝም አሉ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በልቤ ሳሰላስለው የኖርሁትን አሳብ ዛሬ እነግራችኋለሁ።

በአገራችን አንድ ክፉ ልማድ አለ። አዝማሪውን ለሠርጋችን እንጠራዋለን፤ ማሲንቆውን ሲመታ እናጨበጭባለን፤ በግጥሙም ደስ ብሎን እንስቃለን። ሲነጋ ግን ስሙን ስድብ እናደርገዋለን። እንዲሁም ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጥ እየበላን እርስዋን እንነቅፋለን፤ ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረስን ቀጥቃጩን እንንቃለን። በሰው እጅ ሥራ እየተጠቀሙ ሠራተኛውን መናቅ ታላቅ ነውር ነው። ስለዚህ ልጁ ዘፋኝን ስለ መረጠ የሚያሥቅ ነገር አላደረገም። ልንጠይቀው የሚገባን፥ «ከዚህ ዘፋኝ የወደድኸው ምኑን ነው?» ብለን ነበር።

አሁን የጥላሁንን ታሪክ በአጭሩ ስሙ።

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። ብላቴና ሳለ ወደ ወሊሶ ሄዶ ከአያቱ ጋራ ኖረ፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤትም ገብቶ ተማረ። ልቡ ግን ከፊደሉ ይልቅ ወደ ዜማው ያዘነብል ነበር። አያቱም ይህን ባዩ ጊዜ፥ ዜማውን ትቶ በትምህርቱ እንዲበረታ ዘወትር ይመክሩት ነበር። የትምህርት ቤቱ አለቃ የነበሩት የሱዳኑ ሰው ሚስተር ሼዳድ ግን የልጁን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ስጦታ እንዳለው አውቀው አበረታቱት። ከዚያም የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች ከአዲስ አበባ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ባሳዩ ጊዜ፥ ጥላሁን ከእነርሱ አንዱን ኢዮኤል ዮሐንስን ስለ ምኞቱ አማከረው። እርሱም ይህን ሥራ የሚወድ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ ነገረው።

ልጁም ብቻውን በእግሩ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ። አያቱ በሰሙ ጊዜ ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበት፤ ወደ ወሊሶም መለሱት። እርሱ ግን አንዲት ሌሊት ብቻ አድሮ፥ በጭነት መኪና ውስጥ ተሸሽጎ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

እዚህ ላይ፥ ልጆች ሆይ፥ ተጠንቀቁ። ከዚህ ታሪክ «ከቤት መኰብለል መልካም ነው» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ልጅ ቢኖር ተሳስቷል። አያቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጃቸው እንዳይጠፋባቸው የፈሩ ሰው ነበሩ እንጂ። በጭነት መኪና ተሸሽገው ወደ ከተማ የሄዱ ልጆች ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን ጥላሁን አልሆኑም። ብዙዎቹ በመንገድ ዳር ያድራሉ። አንድ ሰው ገደል ዘሎ ቢድን፥ ገደሉ ድልድይ ሆነ ማለት አይደለም። ስለዚህ ከጥላሁን መኰብለሉን ተዉት፤ አንድ ጊዜ ተመልሶ ሳለ ተስፋ አለመቍረጡን ግን ያዙ።

ጥላሁን አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ በሀገር ፍቅር ማኅበር ተቀጠረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ነገር ግን ክብር በመጣበት መንገድ መከራም ይመጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አለቆች መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ሳይሆንላቸው በቀረ ጊዜ፥ ጥላሁንም ተጠርጥሮ ታሰረ። ትናንት ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው ዛሬ በወህኒ ተቀመጠ። ከእስር በወጣ ጊዜ ግን «ከእንግዲህ አልዘፍንም» አላለም፤ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በኋላም በብሔራዊ ቴአትር አገለገለ።

ሁለተኛው መከራ ከፊተኛው የከፋ ነበር። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በስለት ከባድ ቍስል ደረሰበት። ልጆች ሆይ፥ ይህን አስቡ። ለገበሬ በሬው፥ ለሸማኔ እጁ እንደ ሆነ፥ ለዘፋኝም ጉሮሮው ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ ሌላ በሬ ይገዛል፤ ጉሮሮ ግን ከገበያ አይገዛም። ጥላሁን ግን በሐኪሞች ርዳታ ዳነ፤ እንደገናም በሕዝብ ፊት ቆሞ ዘፈነ።

ሦስተኛው መከራ የስኳር በሽታ ነው። ይህ በሽታ ስለ ምን እግር እንደሚያስቈርጥ ብዙ ሰው አያውቅምና በጥቂቱ እገልጽላችኋለሁ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልኩ አልፎ ብዙ ጊዜ ሲቈይ፥ የደም ሥሮችንና ሕመምን የሚያሳውቁትን ነርቮች ይጐዳል። ያን ጊዜ እግር ይደነዝዛል። እሾህ ቢወጋው፥ ድንጋይ ቢያቈስለው ባለቤቱ አይሰማውም። ደሙም ወደ እግሩ በሚገባ ስለማይደርስ ቍስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ሳይታወቅ እየሰፋ አጥንት ይደርሳል። በመጨረሻም ሐኪም ነፍሱን ለማትረፍ እግሩን ይቈርጣል። ስለዚህ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ፥ ባዶ እግሩንም መሄድ አይገባውም፤ በየማታው እግሩን ታጥቦ መመልከት፥ ትንሽ ቍስል ቢያይም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። በሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ባዶ እግሩን ለሚውል የፎገራ ገበሬ ይህ ምክር ትልቅ ነገር ነው። እናንተም ማንበብ የተማራችሁ ልጆች ለወላጆቻችሁ ንገሩ።

ጥላሁንም በዚህ በሽታ አንድ እግሩን አጣ። ነገር ግን እግሩን ባጣ ጊዜ ስሙንና ሥራውን አብሮ አልቀበረም፤ ከሰውም ዓይን አልተሸሸገም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ስላደረገው አገልግሎት የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ሰጥቶታል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት በ68 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። በታላቅ ክብር፥ በብዙ ሕዝብ ልቅሶ ታጅቦ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። እንግዲህ «አዝማሪ» ብላችሁ የሳቃችሁ ልጆች፥ አገር ያለቀሰለት ሰው ይህ መሆኑን እወቁ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን፥ «ለልጆች የዘፋኝን ኑሮ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ አይገባም፤ እርሱም እንደ ማንኛውም ሰው ጕድለት አለበት» ይሉ ይሆናል። ነገራቸው እውነት አለበት። ጕድለት የሌለበት ሰው የለምና ዘፋኝን እንደ ጣዖት አድርጎ ልብሱን፥ አነጋገሩን፥ ጠባዩንም ሁሉ መቅዳት ስንፍና ነው። ነገር ግን እናታችሁ ጤፍ ስትሰፍርላችሁ አይታችኋል፤ በሰፌድ እያንጓለለች እንክርዳዱን ትጥላለች እንጂ ስለ እንክርዳዱ ብላ ጤፉን አትደፋም። ሰውንም ስንመለከት እንዲህ ልናደርግ ይገባል።

ደግሞም የዜማ ሰው ለልጆች ምሳሌ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሰምታችኋል። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሳለ፥ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅ፥ በመጨረሻም ሲወጣ አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ቅዱሱን ከዘፋኙ ጋራ ማስተካከሌ አይደለም። ነገር ግን ያሬድ ከትል ለመማር ካላፈረ፥ እኛ ከሰው ለመማር እንዴት እናፍራለን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በጥላሁን ዘንድ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ድምፁ ነው፤ ይህ ስጦታ ነው። የፈለገ ሰው ሁሉ አያገኘውም፤ ከእናንተም መካከል ምናልባት አንድ ሰው እንኳ አይኖረው ይሆናል። ሁለተኛው ጽናቱ ነው፤ ይህ ግን በእያንዳንዳችሁ እጅ ነው። ፈተና ወድቆ ክፍል የደገመ ልጅ ጽናት ሊኖረው ይችላል። ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ፥ ዓይኑ የደከመ፥ እናቱ የሞተችበት፥ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ከትምህርት ቤት ያስቀሩት ልጅ ሁሉ ጽናት ሊኖራቸው ይችላል። ድምፁን አድንቁ፤ ጽናቱን ግን ውሰዱ።

ጽናት ማለት ግን ብቻውን ጥርስን ነክሶ መቀመጥ አይደለም። ጥላሁን ከመከራው ሁሉ ብቻውን አልወጣም። ድምፁን አውቆ ያበረታታው የትምህርት ቤት አለቃ ነበረ፤ መንገድ ያመለከተው ተጫዋች ነበረ፤ ቍስሉን ያከሙ ሐኪሞች ነበሩ፤ የወደደው ሕዝብም ነበረ። ስለዚህ መከራ ቢያገኛችሁ አትሸሽጉት፤ ለእናታችሁ፥ ለአባታችሁ፥ ለመምህራችሁ ንገሩ። የወደቀ ሰው እጁን ቢዘረጋ ፈሪ አይባልም። እናንተ ደግሞ የወደቀውን ያያችሁ እንደ ሆነ በመሳቅ ፈንታ እጃችሁን ስጡት። ሚስተር ሼዳድ በልጁ ቢሥቁበት ኖሮ ያ ድምፅ ምናልባት በወሊሶ በቀረ ነበር።

የፎገራን ሜዳ ተመልከቱ። ቀድሞ ክረምት በመጣ ጊዜ ውኃው ሜዳውን ይሸፍነው ነበር፤ ገበሬውም የተኛውን ውኃ እያየ ያዝን ነበር፤ ጤፍ በውኃ ውስጥ አይበቅልምና። ሩዝ ወደ አገሩ ከገባ ወዲህ ግን ያው ውኃ ሩዙን ያበቅላል። ውኃው አልተለወጠም፤ ገበሬው ግን በውኃው ላይ ምን እንደሚዘራ ተማረ። የሰውም መከራ እንዲሁ ነው። «ለምን መጣብኝ?» ብሎ ማልቀስ የሰው ጠባይ ነው፤ ካለቀሱ በኋላ ግን «በዚህ ላይ ምን ልዝራ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ያ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ምን እንደ ነገራቸው አላውቅም፤ አልጠየቅሁትምም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በደጃቸው ሳልፍ፥ አባቱ ከደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አየኋቸው። ልጁም ከጎናቸው ሆኖ ቃጫውን ያቀብላቸው ነበር። «እንደምን ዋሉ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ።

እንግዲህ፥ ልጆች ሆይ፥ ማንም ሰው «ማንን መምሰል ትወዳለህ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፥ የወደዳችሁትን ሰው ስም ያለ እፍረት ንገሩት። ነገር ግን ስሙን ብቻ ተናግራችሁ አትቅሩ፤ ከእርሱ የወደዳችሁትን መልካም ነገር ጨምራችሁ ንገሩት፤ ያንንም ነገር በዚያው ቀን መሥራት ጀምሩ።