ጤናችን፦ የልጅ ዓይን በድንገት ሲንሸዋረር

አራስ ልጅ ዓይኑ አንዳንዴ ይንሸዋረራል። ይህ አያስደነግጥም። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው ሁለቱ ዓይኖች አብረው ማየት ይለምዳሉ። ከዚያ በኋላ ሸውራራ ሆኖ የቀረ ልጅ ለሐኪም መታየት አለበት።

ዓይኑ ደኅና የነበረ ልጅ በድንገት ቢንሸዋረርስ? ይህ የበለጠ ያስቸኩላል።

እያንዳንዱን ዓይን 6 ትናንሽ ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል። ጡንቻዎቹን የሚያዙ ነርቮች ከአንጎል ይመጣሉ። ነርቭ እንደ ቀጭን ክር ነው። በአንጎል ውስጥም የሚዘዋወር ውሃ አለ። በአንጎል ዕጢ ቢበቅል፣ ቦይ እንደሚዘጋ ድንጋይ የውሃውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ውሃው ሲጠራቀም ነርቩን ይጫነዋል። ያን ጊዜ ዓይን ወደ ጆሮ በኩል መዞር ያቅተዋል፤ ወደ አፍንጫ ይሳባል። አንዳንዱ ልጅ ወደ ላይ ማየት ያቅተዋል። የሌላው ዓይን ይርገበገባል።

ልጁ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ትንሽ ልጅ ግን ይህን አይናገርም። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል። ኩባያ ሲሰጡት እጁ ይስታል።

እንዲህ አድርጋችሁ እዩት። ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጡት። ራሱን እንዳያዞር አገጩን ያዙለት። ጣታችሁን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ይከተላሉ?

ጠዋት ሲነሣ ራሱን ያመዋል? ያስመልሰዋል? ሲሄድ ይንገዳገዳል? ከዓይኑ ጋር ከእነዚህ አንዱ ከታየ ውለን አድረን አትበሉ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይልኩታል።

የተንሸዋረረ ልጅ ሁሉ ዕጢ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው የለበትም። ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪም ነው። «ቡዳ ነው» ብሎ ማጠን ጊዜ ያባክናል። ግፊቱ ከቆየ ዓይንን ያጠፋል፤ ሕይወትንም ያሳጣል። በጊዜ የተደረሰበት ዕጢ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል። የታፈነውም ውሃ መውጫ ይበጅለታል።

ስትሄዱ መቼ እንደ ጀመረው ንገሩ። የቀድሞ ፎቶግራፉ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የዱሮውን ዓይን ከዛሬው ጋር ያስተያያል።

ጥያቄ
1. ዓይን ስንት ጡንቻዎች አሉት?
2. ልጅ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሲያይ ምን ያደርጋል?
3. በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ብታዩ ለወላጆቹ ምን ትነግሯቸዋላችሁ?